ልጄ መርዶ ያረዳችበት ቀን

በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት እናቱ የምትሰማው መጨረሻ ላይ ነው። ጎረቤት ይሰማል፣ መስጊድ ይሰማል፣ ጫት ሻጯ ሳትቀር ትሰማለች፤ እናትየዋ ግን «ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው» እየተባለች ትውላለች። ሽማግሌዎች ተሰባስበው በማለዳ በሯን እስኪያንኳኩ ድረስ ሰፈሩ በሙሉ ይዋሻታል። ክፉ ወሬ ሰውን በድንገት እንዳይመታው ታስቦ የቆየ ደግ ልማድ ነው ይባላል። ይህ ደግ ልማድ በልጄ ላይ ያደረገውን ልንገራችሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ነገሌ ቦረና ነው። አባቴ ከወሎ በጤና ረዳትነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ስለሆነ እኔ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እያደባለቅሁ ነው አፌን የፈታሁት። በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ያገባሁት ኢብራሂምን ነው። ገበያው ዳር ልብስ የሚሰፋ፣ ድምፁ ከስፌት መኪናው ድምፅ በላይ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። ለሰው ሁሉ «እሺ» ይላል። ሴቶቹ «ራሕማ፣ አንቺ እኮ ታድለሻል» ይሉኝ ነበር፤ እኔም አምናቸው ነበር።

ሂክማ የመጀመሪያ ልጃችን ናት። እንደ ሌሎች ልጆች አይደለችም። ሀዋሳ ድረስ ወስደናት ሐኪሙ ኦቲዝም ነው አለን፤ ነገሌ ስንመለስ ግን ቃሉን የሚያውቅልን ሰው ስላልነበረ እያንዳንዱ የየራሱን ስም አወጣላት። ትምህርት ቤት አስገባናት። ብዙም ሳትቆይ «ጠመኔ ትበላለች፣ ክፍል ትረብሻለች» ብለው መለሷት። የመለሷት አብረውኝ ሻይ የሚጠጡ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው። መድረሳ ወሰድናት። ልጆቹ ሁሉ ባንድ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቁርኣን ሲቀሩ ጆሮዋን ደፍና ስለጮኸች ኡስታዙ ነገ እንዳትመጣ አለን። እኔም ሥራዬን ለቅቄ ቤት ላስተምራት ቁጭ አልኩ። «ደመወዟን ጥላ እብድ ልታስተምር» ብለው የሳቁትን በስም አውቃቸዋለሁ፤ ዛሬም ሰላምታዬ ለነሱ አጭር ነው።

ያስቸገረኝ ንግግሯ ነበር። «ውሃ በይ» ስላት «ውሃ በይ» ትለኛለች። «ምን ትፈልጊያለሽ?» ስላት ጥያቄዬን ራሱን፣ ከነዜማው፣ መልሳ ትሰጠኛለች። አንድ ቀን ግን ቀሚሴን ጎትታ የውሃው ጀሪካን ድረስ ወሰደችኝና «ቢስሚላህ» አለች። ስትጠጣ ሁልጊዜ የምንላት እሱን ነውና ለሷ የውሃ ስሙ ቢስሚላህ ሆኗል። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ልጄ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ ነገር ጠየቀችኝ!

ከዚያ ወዲያ የልጄ ቋንቋ ዱዓ ሆነ። ለእኛ ለሙስሊሞች በየነገሩ የሚባል አለ፤ ስንበላ፣ ስንለብስ፣ ከቤት ስንወጣ፣ መኪና ላይ ስንወጣ፣ ስናስነጥስ። እኛ ሳናስበው እንለዋለን። ሂክማ ግን ቦታውን የማይለቅ ነገር ትወዳለችና አንዱን ካንዱ ሳታዛንፍ ያዘችው። መውጣት ስታምራት የመንገዱን ትላለች። ገላዋን መታጠብ ስትፈልግ፣ በጆግ ውሃ ስለማፈስባት፣ ዝናብ ሲዘንብ የሚባለውን ትላለች። በዚያ በድርቁ ጊዜ ጓሮ ቆማ የዝናብ ዱዓ ስታደርግ መንገደኛው በአጥሩ ሰምቶ «አሚን!» እያለ ሲያልፍ እኔ ጓዳ ሆኜ በሳቅ እሞት ነበር። አንድ ነገር ሲጠፋባት ወይም ሲሰበርባት ደግሞ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» እንድትል አስተማርኳት፤ እኛ የአላህ ነን፣ ወደርሱም ተመላሾች ነን። ለተበጠሰ የጫማ ማሰሪያም ይባላል ብሎ በልጅነቴ ያስተማረኝ አባቴ ነው። ሰው ግን ይህን ቃል የሚያውቀው ሲሞት ብቻ ነው። የሂክማ ነገር ደግሞ ሁሌም እንደጠፋ ነው፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ስትለው ትውላለች፣ እኔም ተነስቼ እፈልግላታለሁ።

አጥር የሚለየን ጎረቤታችን አዴ ሀዋ ናት። ባሏ የሞተባት፣ ከብቶቿን ሊበን ገጠር ዘመድ ጋ ያስቀመጠች፣ ኩሩ ሴት ናት። ያላት አንድ ልጅ ነው፤ ቃሲም። ሻኪሶ ወርቅ ሊቆፍር ከሄደ ከርሟል። በዚያ ሰሞን አንድ ጉድጓድ ተደርምሶ ልጆች አለቁ የሚል ወሬ ከተማው ውስጥ ይዞር ነበር። ስልክ ደግሞ እንደ ልማዱ ጠፍቷል። አዴ ሀዋ ጧት ማታ ስልኳን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጋ ጓሮ ስትዞር በአጥሩ ቀዳዳ አያታለሁ።

የዚያን ቀን ረፋዱ ላይ ልብስ አሰጣ ነበር። ሂክማ ቀይ የጀሪካን ክዳን እያሽከረከረች አጠገቤ ነበረች። ክዳኑ ተንከባለለና በአጥሩ ሥር ወደ አዴ ሀዋ ግቢ ገባ። እኔ አላየሁም፤ በኋላ ነው የገባኝ። እሷ በቀዳዳው ሾልካ ተከተለችው። ክዳኑ ግቢውን አቋርጦ፣ በር ዳር ባለችው በቃሲም ክፍል ገብቶ አልጋው ሥር ነው የቆመው። ሂክማ ጨለማ ስለምትፈራ አልገባችም። ያደረገችው እኔ ያስተማርኳትን ነው። በቆሎ ስትለቅም ወደነበረችው አዴ ሀዋ ሄዳ እጇን ያዘች፣ ጎትታ ልጇ ክፍል በር ላይ አቆመቻት፣ ወደ አልጋው እያየችም «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች።

የሰማሁት ጩኸቱን ነው። እንዲህ ያለ ጩኸት የሚጮኸው ለምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ልብሱን ጥዬ በዋናው በር ዞሬ ስገባ አዴ ሀዋ መሬት ላይ ናት፤ ነጠላዋ ወዲያ ተጥሏል። ሂክማ በሩ ላይ ቆማ እየተወዛወዘች ያንኑ ትላለች።

«ኢልማ ኮ! ልጄን! ኢልማ ኮ!»

«አዴ ሀዋ፣ ምንም የለም! ወላሂ ምንም የለም! ልጅቷ ናት እንጂ...»

ቀና ብላ አየችኝ። «መቼ ሰማችሁ?»

«ኧረ የሰማነው የለም!»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የደበቃችሁኝ? ሕፃን አይዋሽም። እናንተ ቤት ሲወራ ሰምታ ነው።»

«ቃሲም ደህና ነው፣ አዴ ሀዋ። አላህን፣ ደህና ነው።»

ከአፌ ሲወጣ ነው ያወቅሁት። መርዶ የሚደብቅ ሰው የሚለውን ቃል በቃል አልኩላት። ከዚያ በኋላ በማልኩ ቁጥር እርግጠኛ ሆነች። የመጡት ሴቶችም ፊቴን እያዩ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ «ምን ታድርግ፣ ሽማግሌዎቹ እስኪመጡ ብላ ነው» ይላሉ። አንዷማ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «አስከሬኑ ተገኝቷል?» አለችኝ። የቀትሩ የዙህር ሶላት ሳይደርስ ግቢው ውስጥ ሸራ ተወጠረ። በሕይወት ባለ ሰው ላይ፣ አንድም መልእክት ሳይመጣ፣ ለቅሶ ተቀመጥን። አንድ ዘመዳቸው ብቻ ሞተር ሳይክል አስነስቶ እስቲ ስልክ የሚሠራበት ልድረስ ብሎ ወደ ሻኪሶ መንገድ ሄደ።

ሐጂ ዑመር መጡ። የኢብራሂም አጎት ናቸው፤ አባቱ ስለሞተ እንደ አባት የሚያያቸው፣ የሰፈሩም ሽማግሌ። ማን እንዳረዳ ሲጠይቁ ሁሉም ወደ ሂክማ ጠቆመ። ወደኔ ዞሩ።

«ከማን ሰምታ ነው?»

«ከማንም። ክዳን ጠፍቶባት ነው፣ ሐጂ። የጀሪካን ክዳን። ነገር ሲጠፋባት እንድትል ያስተማርኳት እኔ ነኝ።»

«ለፕላስቲክ ክዳን?»

«ለጫማ ማሰሪያም ይባላል። አንቱ ያውቁታል።»

አያውቁትም ነበር። ከፊታቸው ገባኝ። በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት ከሴት አፍ የማያውቁትን መስማት ደግሞ ለሐጂ ዑመር ከቃሲም ሞት የባሰ ነው። «ቤት አስተምራለሁ ያልሺው ይህን ነው?» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ኡስታዝ ንቀሽ፣ መድረሳ ንቀሽ፣ የአላህን ቃል መጫወቻ አደረግሽባት! ሰው ቤት ገብታ ሞት ትጥራ ብለሽ ነው?»

በዚህ ሁሉ መሐል ሂክማ ክዳኗን አላገኘችም። ጩኸቱ ደግሞ በየደቂቃው እየበዛ ነው፤ ጩኸት ደግሞ ለሷ እንደ ዱላ ነው። ስትጨነቅ ድምፅዋ ከፍ ይላል። «ኢና ሊላሂ!» ባለች ቁጥር ሴቶቹ እንደ አዲስ ዋይ ዋይ ብለው ያለቅሳሉ፣ አዴ ሀዋ ደረቷን ትደቃለች፤ በደቃች ቁጥር ሂክማ ይበልጥ ትላለች። ክዳኑን አምጥቼ ላሳርፋት ወደ ቃሲም ክፍል ልገባ ስል ሁለት ሴቶች በሩ ላይ እጃቸውን ዘረጉብኝ። የሟች ክፍል ነው፣ አሁን አይገባም አሉኝ። «ሟች የለም!» ብዬ ጮህኩ። ጮኼ ሳበቃ ሁሉም እኔን እንደ ክፉ ሴት ያየኝ ነበር።

ኢብራሂም ያኔ ደረሰ። የስፌት ክር ሸሚዙ ላይ ተጣብቋል። አይቼው ነፍሴ መለስ አለች። ሐጂ ዑመር ክንዱን ይዘው ወደ ወንዶቹ ወሰዱት። የሚሉት ይሰማኛል።

«አባት አይደለህም?»

«ነኝ አያ።»

«እናቲቱን ተዋት፣ እሷ ካንተ አልፋለች። ልጅህን ግን ዝም አሰኛት። ይቺ ምስኪን ሴት ልጇን አጥታ መሐል ግቢዋ ይሟረትባታል?»

«እሺ።»

መጥቶ ሂክማን አቀፋት። አንገቱ ሥር ተወሸቀች፤ አቅፎ ከሚያሳርፋት ሰው ሁሉ አባቷን ትመርጥ ነበር። «ቤት አስተኛታለሁ» አለኝ። ሐጂ ዑመርና አንድ ሌላ ሽማግሌ ከኋላው ሲከተሉ አየሁ። አጽናንተውት ሊመለሱ መሰለኝ። ልከተል ስነሳ ሴቶቹ ሻሼን ይዘው አስቀመጡኝ። «በልጅሽ አፍ የመጣ ለቅሶ ጥለሽ ትሄጃለሽ?» አሉኝ። እኔም ልጄ አባቷ ክንድ ላይ ናትና ተቀመጥኩ።

ቆየሁ። በመጨረሻ አንዲት የቡሌ ሆራ ልጅ፣ ለአዴ ሀዋ ሥራ የምታግዝ፣ አዘነችልኝ መሰል ወደ ክፍሉ ገብታ አልጋው ሥር እጇን ሰዳ ቀዩን ክዳን አወጣችና በነጠላዋ ሸፍና ሰጠችኝ። ብድግ ብዬ «ይኸው! ይኸው መርዷችሁ!» አልኩ። አዴ ሀዋ ክዳኑን አየችው፤ ዓይኗ ቀላ። የሆነ ነገር ገብቷት እንደነበር እምላለሁ። ግን ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦላት፣ ያ ሁሉ ተለቅሶ፣ ለክዳን ነበር ማለት አልቻለችም። ፊቷን አዞረች።

ሮጬ ቤቴ ገባሁ። ሽማግሌዎቹ ሳሎን ተቀምጠዋል። ኢብራሂም ጓሮ ጎንበስ ብሎ እጁን በሳሙና ይታጠባል፤ የሚወርደው ውሃ ቀይ ነው። ለቅጽበት ደም መሰለኝ። ሽታው ነው የነገረኝ፤ በርበሬ ነው። የወጥ በርበሬዬ ዕቃ ክዳኑ ተከፍቶ ማጀት መሬት ላይ አለ። ሂክማ ማዕዘን ላይ ተጣጥፋለች። አፏ ዙሪያውን ተላጦ፣ ከንፈሯ አብጦ፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። አታለቅስም። ልጄ በርበሬ የነካው ወጥ እንኳ ምላሷን ሲያቃጥላት ግድግዳ የምትቧጥጥ ልጅ ናት፤ ያን ቀን አንድ ድምፅ አላወጣችም።

«ምን አደረግሃት?»

ቀና ብሎ አላየኝም። «እንቢ አለች ራሕማ። ዝም በይ አልኳት። ብዙ ጊዜ አልኳት። እሷ ደገመችው።»

«ምን አደረግሃት ነው የምልህ!»

«ቆመው እያዩኝ ነበር» አለ።

ይኸው ነው የሰጠኝ መልስ። እስካሁን የተሻለ አልሰጠኝም። ሐጂ ዑመር ከሳሎን ሆነው «ልጅ በዚህ ይማራል፣ እኛም እንዲሁ ነው ያደግነው» አሉ። ወተት በጥጥ እያራስኩ አፏን ስጠርግ እጇን ከአፏ ለማላቀቅ ታገልኩ። ክዳኑን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። አላየችውም።

የአስር ሶላት ሳይሰገድ ጎዳናው ላይ ጥሩምባ ተሰማ፤ ሰው የጫነ አይሱዙ ነው። ቃሲም ከላይ ዘሎ ወረደ። የጉድጓዱ ወሬ እናቴ ጋ ደርሶ ይሆናል፣ ስልክም የለም፣ ዓይኔን ታይ ብሎ ነው የመጣው። ሞተረኛው መንገድ ላይ አግኝቶት ሞተሃል ሲለው ስቆበት ነበር አሉ። ሸራው ሥር የተቀመጡትን ሲያይ «ማን ሞተብን?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ የሆነውን ጩኸት፣ እልልታ፣ ሳቅ እዚህ ሆኜ ሰማሁት። ሐጂ ዑመር ከሳሎኔ ተነሱ፤ ጫማቸውን ሲያጠልቁ «አልሐምዱሊላህ፣ ነገሩ ሁሉ ለኸይር ሆነ» አሉና ወደ ደስታው ሄዱ። ኢብራሂምን ጠሩት። ባሌም ሄደ። እንኳን ደስ ያለሽ ሊል ሄደ።

በማግስቱ ለቃሲም ሰደቃ ፍየል ታረደ። አዴ ሀዋ ሥጋ ላከችልን። ለሂክማ ብላ ለብቻ ጉበት ጨምራበታለች። በላከችበት ሰሃን መለስኩት። «ይቺ ሴት ኩራቷ» አሉኝ። ቃሲም በገዛ ለቅሶው ላይ «ማን ሞተብን?» ብሎ በመጠየቁ ሰፈሩ ዓመቱን ሙሉ ሲስቅበት ኖረ፤ ሠርጉ ላይ ሳይቀር ተቀለደበት። የልጄን አፍ ያነሳ አንድ ሰው አልነበረም።

ሂክማ ዝም አለች። ቢስሚላህ ቀረ፣ የዝናቡ ቀረ፣ የመንገዱ ቀረ። ስትጠማ ጀሪካኑ አጠገብ ቆማ እስካያት ትጠብቃለች። ያን ያህል ዓመት አንድ በአንድ ያኖርኩት ቃል ሁሉ በአንድ ጭብጥ በርበሬ ወጣ። ሰው «ጊዜ ስጫት» ይለኛል። ጊዜ አይደለም የመለሳት፤ በር ዘግቼ፣ መጋረጃ ጋርጄ፣ ከሷ ጋር ወለል ላይ ተጋድሜ፣ ዱዓዎቹን ለራሴ በሹክሹክታ እያልኩ ከረምኩ። እሷ እንድትል ጠይቄያት አላውቅም። ክረምቱ አልፎ በጋው ሲገባ አንድ ከሰዓት እጇን ከአፏ ሳታነሳ፣ በጣቶቿ መሐል፣ «ቢስሚላህ» አለች። ውሃውን ስቀዳ ግማሹን መሬት ላይ ደፋሁት።

ዛሬ ሂክማ በቁመት ትበልጠኛለች። ሱረቶች ታውቃለች፣ ስሟን ትጽፋለች፣ የራሷን ቃላትም ጨምራለች። ከሷ ሌላ ከሊበንም ከከተማውም እንደሷ ያሉ ልጆች ይዘው የሚመጡ እናቶች አሉ፤ ሳሎኔን ሰጥቼ አስተምራቸዋለሁ። መጀመሪያ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። ልጃችሁን ከሚሰድባት ሰው ብቻ አትጠብቋት። የሚወዳት፣ ግን ሰው ፊት «እሺ» ማለት የሚወድ ሰው ቤታችሁ ውስጥ ካለ እሱንም አትመኑት። ጨካኝ ናት ይሉኛል። ይበሉኝ!

ከናንተም መሐል «ይቅር በይው፣ አባቷ ነው» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ኢብራሂም አልመታኝም፣ አልሰከረም፣ ሌላ አላገባም። ለሂክማ ቀሚስ ሲሰፋ ስፌቱ ቆዳዋን እንዳይኮሰኩሳት ወደ ውጭ አድርጎ ይሰፋል። እሷም ትለብሰዋለች። ግን አባቷ በር ሲከፍት፣ ያጋመሰችውን ቃል እንኳ ትተዋለች፤ ሁለት እጇ ወደ አፏ ይሄዳል፣ እስኪወጣም አይወርድም። ይህን ስላወቀ ካንዳንድ ቀን በስተቀር ከመግባቱ በፊት በር ላይ ያስላል።

አሁን አሁን ደግሞ ሱቁን ቀድሞ ይዘጋና በምናስተምርበት ሰዓት ይመጣል። አያስልም፤ አይገባም። ከውጭ መስኮቱ ሥር ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጣል። የልጁን ድምፅ የሚሰማው በዚያ ብቻ ነው። እንዳለ አውቃለሁ፤ ጫማውን ሲያወልቅ ይሰማኛል። መጋረጃውን ገልጬ «ግባ» ብዬው አላውቅም። ነገም አልለውም።